«የሞተ ሰው ሐሳብ ቆፍረሽ ምን ልታገኚ?» ለተባለችው እህቴ

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኮርስ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ቴሲሱ ነው። መሥራት የምፈልገው በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ላይ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያልተመጣጠነ ንግድን ጉዳይ ከላቲን አሜሪካው ኢኮኖሚስት ከእነ ፕሬቢሽ ቀድመው እንደ ደረሱበት ማሳየት እፈልጋለሁ። አድቫይዘሬ ግን 'ይሄ ታሪክ እንጂ ኢኮኖሚክስ አይደለም፤ ዳታው የታለ?' አሉኝ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴ ነው። 'የሞተ ሰው ሐሳብ ቆፍረሽ ምን ልታገኚ? ባንክ የሚያስቀጥርሽን ሥሪ' ይለኛል። ጓደኞቼ በዋጋ ንረት ላይ ሪግሬሽን ሠርተው ሊጨርሱ ነው። በዚያ ላይ ነጋድራስ የተማሩት ጀርመን አገር ነው፤ እኔ ደግሞ ጀርመንኛ አልችልም። አያቴ ቤት ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል ከነበረው አሞሌ ጨው አንዲት አለች። እሷን ባየሁ ቁጥር 'ጎንደር ተቀምጬ ይህን እኔ ካልሠራሁት ማን ሊሠራው ነው?' እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት፣ ከአዘዞ»

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው በአድቫይዘርሽ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ዳታው የታለ?» ማለታቸው ልክ ሆኖ አገኘሁት። ዳታ አለሽ። ገና አላሳየሻቸውም እንጂ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። ጉዳዩን አትተዪው። ርዕሱን ግን ቀይሪው። በተለይ «ቀድመው» የምትለዋን ቃል አውጫት።

እንደሚከፋሽ አውቃለሁ። የአገርሽ ሰው ይህን ያህል አስቦ ስሙ ሳይነሣ ሲቀር ያንገበግባል። እኔንም ያንገበግበኛል። ነጋድራስ በ1886 ዓድዋ አካባቢ ተወልደው በ1919 አረፉ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በዚያች አጭር ዕድሜ ከምፅዋ በመርከብ አውሮፓ ገብተው ተምረዋል። ተመልሰው የጅቡቲን ባቡር ተቆጣጥረዋል። የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴዎችና የጉምሩክ ሹም፣ ሆነዋል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን እና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ጽፈዋል። እንዲህ ያሉ ሰው በዓለም የኢኮኖሚክስ መማሪያ ውስጥ አለመነሣታቸው ያሳዝናል።

ግን «ቀደሙ» ስትዪ ሁለት ሰዎች አንድ ሩጫ ሮጡ ማለትሽ ነው። ሮጠዋል ወይ?

ፕሬቢሽና ሲንገር በ1950 አካባቢ ጽሑፋቸውን ሲያወጡ እጃቸው ላይ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ያለ የብሪታንያ የንግድ አሃዝ ነበር። ጥያቄያቸው የዋጋ ጥያቄ ነው። አንድ አገር የሚሸጠው ጥሬ ዕቃ ከሚገዛው የፋብሪካ ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወረደ ይሄዳል ወይ? ይህ ነው።

ነጋድራስ የተነሡት ከዋጋ ሰንጠረዥ አይደለም። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ዕውቀትና ድካም ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በትንሽ ድካም ብዙ ያመርታል። ዕውቀት የጎደለው በብዙ ድካም ትንሽ ያመርታል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ የማን ድካም ለማን ይሆናል? ከዚያ ተነሥተው ወደ ግብሩ፣ ወደ ጉምሩኩ፣ ወደ ባቡሩ፣ ወደ መንግሥቱ አሠራር ይሄዳሉ። በጦር ያልተያዘ አገር በንግድ እንዳይያዝ ይሰጋሉ።

ከፕሬቢሽ ጋር ይቀራረባል። አንድ ግን አይደለም። «የእኛው ፕሬቢሽ» ስትያቸው ነጋድራስን በሌላ ሰው ቁና ሰፈርሻቸው። ከቁናው የተረፈው ደግሞ መሬት ይፈሳል። የሚያሳዝነው፣ የሚፈሰው የራሳቸው የሆነው ነው።

ይህ ስሕተት የትልልቆቹም ነው። ስመ ጥሩው ኢኮኖሚስት ሹምፔተር የኢኮኖሚ ትንታኔ ታሪክ ላይ የጻፈው ግዙፍ መጽሐፍ እሱ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ በ1954 ታተመ። እስከ ዛሬ ድረስ በሙያው ያልተነበበበት ቦታ የለም። እዚያ ውስጥ ከግሪኮቹ እስከ ቶማስ አኩዊናስ ባለው ዘመን ለኢኮኖሚ ትንታኔ ባዶ የሆነ፣ 500 ዓመት ያህል የሚሆን ክፍተት እንዳለ ይናገራል። በዚያው ክፍተት ውስጥ፣ በ1111 የሞተው የእስልምናው ሊቅ ጋዛሊ ስለ ገበያና ስለ ገንዘብ ጽፏል። ሹምፔተር የሚፈልገውን ዓይነት መሣሪያ ይዞ ፈለገ፤ መሣሪያው ያልያዘውን ደግሞ «የለም» አለ። አንቺም ፕሬቢሽን ይዘሽ ከፈለግሽ የምታገኚው ፕሬቢሽን ብቻ ነው።

ታዲያ በምን ልፈልግ ትያለሽ። በቃላቸው ነው መልሴ። በተጻፈበት ዘመን ቃል።

እኔ በወጣትነቴ አንድ የቆየ ጽሑፍ ላይ ስሠራ «ገንዘብ» የሚለውን ቃል ሁሉ ጥሬ ብር አድርጌ አነበብኩት። ሦስት ወር ደከምኩበት። አንድ ቀን ለአንድ የቅኔ መምህር ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ ገንዘብ ያለው እኮ ርስቱንም፣ ከብቱንም፣ የቤቱን ዕቃም ነው» አሉኝ። ድምዳሜዬ ሁሉ ፈረሰ። ዛሬም እኮ «ዕውቀትን ገንዘቡ አደረገ» እንላለን። የራሱ አደረገ ማለታችን እንጂ ሸጦ ብር አገኘበት ማለታችን አይደለም። የድሮው ትርጉም አፋችን ላይ አለ። እኔ ግን በዛሬው የባንክ ጆሮ ሰማሁት።

«ብር»ም እንደዚያው ነው። በነጋድራስ ዘመን ብር ሲባል ማዕድኑም ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት የብር ጠገራ፣ ማርያ ቴሬዛም ነው። እግረ መንገዴን ስለ ማርያ ቴሬዛ አንድ ነገር ልንገርሽ። አራዳ ወርቅ ቤቶች ጎራ ብለሽ አሳዩኝ በይ። አንዷን ገልብጠሽ ዓመቱን አንብቢ። 1780 ይላል። ሌላዋንም አንሺ። 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተመታውም 1780 ነው የሚለው። ነጋዴው ያንን መልክ ስላመነ ዓመቱን አልቀየሩትም። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመት ዕቃው የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ይህን አትርሺ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ ያረፉት ደግሞ በ1911 ዓ.ም.። ስለዚህ «በ1916 እንዲህ አሉ» ብለሽ እንዳትጽፊ። በ1916 በሕይወት የሉም። በዚያ ላይ ፈረንጅኛውን 1924ን ከእኛው 1916 ጋር የደባለቀ ቴሲስ ስንት አይቻለሁ። ገና ከመነሻው በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ያዥ።

አሁን ወደ አሞሌሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቆመው እዚያ ነው።

የአዳም ስሚዝን ትልቁን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ። በ1776 የወጣው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል አራተኛ ምዕራፍ ክፈቺ፤ ስለ ገንዘብ አመጣጥ የሚናገረውን። በአቢሲኒያ መገበያያው ጨው ነው ይባላል የሚል ሐረግ ታገኛለሽ። ከዚያ የሕንድን ዛጎል፣ የኒውፋውንድላንድን ደረቅ ዓሣ፣ የቨርጂኒያን ትምባሆ ይደረድራል። በመጨረሻም በአንድ የስኮትላንድ መንደር ሠራተኛው በገንዘብ ፈንታ ሚስማር ይዞ ዳቦ ቤት እንደሚሄድ ይናገራል።

እንግዲህ አስቢው። መጽሐፉ ሲታተም መናገሻችን ጎንደር ናት። ጨው የጫነው ነጋዴ ከአፋር ተነሥቶ በትግራይ አድርጎ ጎንደር ይገባል። የአያትሽ አሞሌ ዘመዶች እዚህ ገበያ ላይ እየተቆጠሩ ነው። በዚያው ዘመን አንድ ሰው ኤዲንብራ አጠገብ ተቀምጦ ስለ እነሱ አንድ መስመር ይጽፋል።

«ይባላል» ያለውን ያዥልኝ። ማን ነው ያለው? ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1770ና በ1771 ጎንደር ነበር። የጉዞ መጽሐፉ ግን የወጣው በ1790 ነው፤ ከስሚዝ መጽሐፍ 14 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ስሚዝ ከብሩስ መጽሐፍ ሊያነበው አይችልም። ታዲያ ከየት? ይህን መከተል ራሱን የቻለ ጥናት ነው። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ማለት ግማሹ ይኸው ነው፤ «ይባላል» ያለውን ማን እንዳለው መከታተል።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ስሚዝ ጨውን ከሚስማሩና ከዓሣው ጎን አስቀምጦ ወዲያው ወደ ብረታ ብረት ይሄዳል። ሰዎች በየአገሩ በመጨረሻ ማዕድን መረጡ ይላል። አንባቢ ከዚያ የሚረዳው ጨው የጅማሬው ደረጃ እንደ ሆነ ነው። ጎንደር ላይ ግን ወርቁ በወቄት እየተመዘነ፣ አሞሌው እየተቆጠረ፣ በኋላም ማርያ ቴሬዛው ተጨምሮ ጎን ለጎን ነው የሠሩት። አሞሌው ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ከተሰበረ ገንዘብነቱ ይቀርና ወጥ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው በልጥ የሚታሰረው። ክረምት ላይ እንዳይሟሟ ጭስ ያለበት ቦታ ይሰቀላል። ይህ ደረጃ በደረጃ የሚወጡት መሰላል አይመስልም። ሁለትና ሦስት ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ገበያ ነው። የስሚዝን ምዕራፍ ከጎንደር ሆኖ ያነበበ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት። በነጋድራስ ቴሲስሽ ውስጥ አትጨምሪው። ለሚቀጥለው አስቀምጪው።

ጎንደር ያለው ሀብት አሞሌ ብቻም አይደለም። በደብሮቻችን የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ ተጽፏል። ዋናው ጽሑፍ ወንጌል ነው። ዳሩ ላይ፣ በቀጭን ቀለምና በሌላ እጅ፣ እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል ሸጠ ይላል። ዳኛው፣ ምስክሩ፣ ዋሱ በስማቸው ተጠርተዋል። ሴቶች ገዥም ሻጭም ሆነው ይገኙበታል። ዶናልድ ክራሚ በ2000 ያሳተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። ልታዪ ከሄድሽ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጂ፤ ዕቃ ቤት ያሉትን አባቶች አታጣድፊ። በቅዳሴ ሰዓት አትሂጂ። እጅሽን ታጥበሽና አድርቀሽ ግቢ። ግን ተጠንቀቂ፤ ሽያጭ መፈጸምና ስለ ሽያጭ ማሰብ አንድ አይደሉም። ኅዳጉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ነው የሚነግርሽ። ምን እንዳሰቡ ከዚያ ለማውጣት ሌላ ብዙ ሥራ አለ። ሐሳቡ በግልጽ የተነገረበት ጽሑፍ ከፈለግሽ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጡት አዋጅ አለልሽ። ሥራ ምንድን ነው፣ ማንን ነው የምናከብረው የሚለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣል። ከነጋድራስ ጽሑፍ ጋርም በጊዜ ይጎራበታል።

አሁን ስለ አድቫይዘርሽ። እሳቸው የሚፈሩት ተማሪያቸው 80 ገጽ ውዳሴ ጽፋ እንዳትመጣ ይመስለኛል። እውነት ለመናገር፣ በርዕስሽ አያያዝ ፍርሃታቸው አይፈረድበትም። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። ሦስት ገጽ ሠርተሽ ሂጂ።

እንዲህ አድርጊ። «ዕውቀት» የሚለውን ቃል ያዢ። ዋናውን አማርኛ ከዳር እስከ ዳር አንብቢና ቃሉ የገባበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በእጅሽ ገልብጪ። ስካን ማድረግ ይቀላል፤ እጅ ሲጽፍ ግን ዓይን ያለፈውን ያያል። ከጎኑ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ገጹን፣ ዕውቀት እዚያ ቦታ ከምን ጋር እንደ ተነጻጸረ፣ ነጋድራስ ከዚያ ተነሥተው መንግሥት ምን ያድርግ እንዳሉ። አንዳንዱ ቦታ ከድካም ጋር ይቆማል፣ አንዳንዱ ከነጻነት ጋር። ሠንጠረዥ ይወጣዋል። መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የሚለዋወጥበትን ቦታ ፈልጊ። ከዚያ ቢሯቸው ገብተሽ «ዳታው ይኸው» በይ። ሠንጠረዥ የለመደ ሰው ሠንጠረዥ ያያል። «ይሄኛው ለምን እዚህ ጋ ተለየ?» ብለው ከጠየቁሽ አልቋል፤ ገብተውበታል ማለት ነው።

ስታነቢ እንግሊዝኛውን ትርጉም አጠገብሽ ማድረግ ትችያለሽ። እሱ ላይ ብቻ ግን አትቁሚ። ተርጓሚ የዛሬውን የኢኮኖሚክስ ቃል መጠቀሙ አይቀርም፤ አንቺም ሳታውቂ የእሱን ቃል ታጠኛለሽ። የቀድሞውን ኅትመት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ፈልጊ። አንድ ሳምንት አዲስ አበባ የምትቀመጪበት ዘመድ ካለሽ ይበቃሻል።

ለአባትሽ ምን ትያለሽ? እሳቸውም የሚሉት መና አይደለም። ይህ ሙያ ሰፊ እንጀራ የለውም። በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሱ ራሱ ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ወጥቷል። ስለዚህ ኢኮኖሜትሪክሱን እንዳትጥዪው። ሁለቱንም የያዘ ሰው ባንክም ይገባል፣ ያስተምራልም። ባንክ ብትገቢም አላፍርብሽም፤ ማታና ቅዳሜ የምታነቢው ነገር ይዘሽ ነው የምትገቢው።

ግን አባትሽን በሌላ በኩልም አምጫቸው። እሳቸው እኮ በየሳምንቱ ኢኮኖሚ ሲያስቡ ነው የሚውሉት። አንድ ቅዳሜ አብረሻቸው ዋዪ። በቁና ሰፍረው ሲያበቁ ከላይ የሚጨምሯትን ጭብጥ እይ፤ ምራቂዋን። ለማን ነው የሚጨምሩት? ለማን አይጨምሩም? ዱቤ ለማን ይሰጣሉ፣ በማን ዋስትና? ማታ ቤት ገብታችሁ ቡና ሲፈላ ጠይቂያቸው። ልጃቸው ስለ ምን እንደምታጠና የሚገባቸው ያኔ ነው። ይህንንም በሌላ ደብተር ጻፊው፤ ከነጋድራስ ጋር አታደባልቂው።

ጀርመንኛው አያስፈራሽ። አደጋው አለማወቅሽ አይደለም። አደጋው «ጀርመን ስለ ተማሩ ጀርመናዊውን ኢኮኖሚስት ፍሪድሪክ ሊስትን አንብበዋል፣ ሐሳቡም ከእሱ የመጣ ነው» ብሎ መዝለል ነው። የሊስት መጽሐፍ የወጣው በ1841 ነው፤ ወጣት ኢንዱስትሪን ከውጭ ውድድር ስለ መጠበቅ ይናገራል። መመሳሰል ልታገኚ ትችያለሽ። መመሳሰል ግን ማንበባቸውን አያስረዳም። ስም ጠርተዋል? ምሳሌ ወስደዋል? ከሌለ «ይመሳሰላል» ብለሽ እዚያ ላይ ቁሚ። አማርኛውን እንደ አንቺ የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው። ጀርመንኛ የሚችልማ ብዙ አለ።

አሞሌዋን ደግሞ አደራ። አያትሽን አስፈቅደሽ በሴንቲ ሜትር ለኪያት። መዝኛት። የታሰረችበትን ልጥ ሳትፈቺ ከየጎኑ ፎቶ አንሺ። ከማን እጅ እንደ መጣች፣ በምን እንደ ተገዛች፣ ለምን ሳትበላ እንደ ቀረች አያትሽ የሚሉትን በራሳቸው ቃል ቅጂ። ከዚያ ወደ ነበረችበት መልሻት፤ ከምድጃው አጠገብ ከሆነች እዚያው ትቆይ። ለጌጥ ብለሽ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ አትክተቻት። የጎንደር ክረምት ታውቂዋለሽ።